«ሙድ» ሳይመጣ በፊት ባር ባር ይለን ነበር፤ ስለ እህትና ወንድሙ ዘፈን ለተጻፈው ትችት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ሱቄ የሚገባ ሰው ሁሉ ዕቃ ከመጠየቁ በፊት ስልኩን ይዘረጋልኝና «ይቺን አየሃት?» ይለኛል። አይቻታለሁ። ሦስት ጊዜ አንብቤያታለሁ፤ አንዴ በንዴት፣ አንዴ ቡና ጠጥቼ፣ አንዴ ደግሞ እስክርቢቶ ይዤ። ይቺ የትችት ጽሑፍ የምታወራው ባለፈው ጥር አራት ዘፈን ዩቲዩብ ላይ ስለለቀቁ ሁለት የደሴ ልጆች ነው። እህትና ወንድም ናቸው። እሷ ትዘፍናለች። እሱ ጊታር ይመታል፣ ኮምፒውተሩን ይነካካል፣ አልፎ አልፎ ድምፁን ከሥር ያስገባል። ስማቸውን እዚህ አላነሳም። ጽሑፉን ያነበበ ያውቃቸዋል፤ ያላነበበ ደግሞ ከጭቅጭቃችን በፊት ከዘፈናቸው ጋር ቢተዋወቅ ይሻላል። የጸሐፊውንም ስም አልጠራም። በዕድሜ ይበልጡኛል፣ ስለ ወሎ ባህል ለዓመታት የጻፉ ሰው ናቸው፣ ከእሳቸው የተማርኩትም ብዙ ነው።

እኔ የሙዚቃ ምሁር አይደለሁም። ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሴት ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ካሴት ሲሞት ሲዲ ሸጥኩ፣ ሲዲ ሲሞት ፍላሽ ላይ ጫንኩ፣ አሁን የስልክ ቻርጀርና ሽፋን እሸጣለሁ። ዘፈንን የማውቀው ከገዢው ፊት ላይ ነው። ማን ምን ሲደርስበት ምን ካሴት እንደሚገዛ ጠይቁኝ፣ እነግራችኋለሁ። ቅኝት መለየት የተማርኩትም ሱቄ በረንዳ ላይ ክራር ይዞ ይቀመጥ ከነበረ አንድ ሽማግሌ ነው።

የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጠው። የእኛ ዘፈን ስሜቱን ለይቶ ያውቃል ይላሉ፤ ለሞት ሙሾ፣ ለሠርግ የሠርግ ዘፈን፣ ለናፍቆት ትዝታ አለን፣ «ደስም ብሎኛል፣ ከፍቶኛልም» የሚለው የተደባለቀ ስሜት ግን ከፈረንጅ የተቀዳ ነው። ቀጥለው፣ እህትና ወንድም ተጣምረው የልባቸውን መዝፈናቸው ወጋችን አይደለም፣ አሜሪካና ኒውዚላንድ ውስጥ የተፈጠረ የገበያ ዘዴ ነው ይላሉ። ሦስተኛ፣ ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች በተወለዱበት አገር መኝታ ቤት ውስጥ በኮምፒውተር ተሠርቶ በሹክሹክታ የሚዘፈን ነገር የወሎ ሙዚቃ ሊባል አይገባውም። አራተኛውና የከበደው ይህ ነው፦ ወሎ የ66ቱንም የ77ቱንም ረሃብ እየዘፈነ ያለፈ ሕዝብ ሆኖ ሳለ፣ እነዚህ ልጆች ምን ጎድሎባቸው ያላዝናሉ? ሐዘንን ማመላለስ ራሱ በሽታ አይደለም ወይ? መጨረሻ ላይ ግጥሙም ደካማ ነው ብለው ይዘጋሉ።

ከመጨረሻው ልጀምር፤ እዚያ ላይ እውነት አላቸውና። ልጅቷ የመጀመሪያው ዘፈን ላይ «ሙዴ ጠፍቷል» ትላለች። እኔም ስሰማ ጥርሴን አፋጭቻለሁ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ደግሞ «ገና» የሚለውን ቃል ዜማው አስጠብቆ ስላስጮኻት፣ «ገና ሳልነግርሽ» ልትል የፈለገችው የልደት በዓል ሆኖ አርፏል። መጥበቅና መላላት የማያውቅ ዜማ አማርኛን እንዲህ ያደርገዋል። ጸሐፊው ይህንን ነቅሰው ማውጣታቸው ትክክል ነው፤ ልጆቹም ሰምተው ቢያርሙት ይጠቀማሉ።

ግን ይቺው «ሙዴ ጠፍቷል» የምትለው ጥፋት የጸሐፊውን የመጀመሪያ ነጥብ ይዛው ትወድቃለች። እኔን ያናደደኝ ልጅቷ የሌለንን ስሜት ማምጣቷ መቼ ሆነ? ስሜቱማ ከነስሙ ቤታችን ተቀምጧል። ባር ባር አለኝ እንላለን። ባር ባር ማለት ሐዘን ነው? አይደለም። ፍርሃት ነው? አይደለም። ናፍቆትም ብቻ አይደለም። እንግዳ ሸኝቶ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው፣ ሰኔ ላይ ጉም የጦሳን ተራራ ሲሸፍን በረንዳ ላይ የቆመ ሰው ያውቀዋል። ስስትስ? እናት ልጇ ሲበላ እያየች «ሳሳሁለት» ስትል ደስ ብሏታል ወይስ ፈርታለች? ሁለቱም ነው። የሆድ መባስ ደግሞ ከሁሉም ይገርመኛል። ሰው ቀኑን ሙሉ ችግሩን ችሎ ይውላል፤ ማታ አንድ ሰው ትከሻውን ይዞ «አብሽር» ሲለው ነው ሆዱ የሚብሰው። ማጽናኛው ነው የሚያስለቅሰው። ይህን የመሰለ ቃል ያለው ሕዝብ የተደባለቀ ስሜትን ከማን ይቀዳል?

ትዝታን እንደ ማስረጃ ማቅረባቸው ደግሞ አስገርሞኛል። ትዝታ ለናፍቆት ነው፣ ናፍቆት ደግሞ አንድ ነገር ነው ብለው ያልፋሉ። ካሴት ሻጭ ይህን አይልም። ትዝታ አንድ ስም ይዞ ሁለት መልክ አለው፤ ሙዚቀኞች ሜጀርና ማይነር የሚሏቸው። ያንኑ ግጥም በአንደኛው ሲዘፍኑት ፈገግ ያሰኛል፣ በሌላው ሲዘፍኑት አንገት ያስደፋል። ገዢ መጥቶ «ትዝታ ስጠኝ» ሲለኝ «የትኛውን?» ብዬ እጠይቅ ነበር፤ ብዙው «የሚያስተክዘውን፣ ግን የማያስለቅሰውን» ይለኛል። ግጥሙንም ተመልከቱት። ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው የቆየው ስንኝ የሚናፍቀውን ሰው ራሱን ትዝታ ብሎ ይጠራና፣ እዚያው ላይ ትዝታ የለብኝም ብሎ ይምላል። አለብኝም የለብኝም በአንድ ትንፋሽ። ይህንን ማንም ፈረንጅ አላስተማረንም።

አንቺ ሆዬ የሚባለውንም ቅኝት ላንሳ። የሠርግ ነው፤ ሙሽራ ይታጀብበታል፣ ይጨፈርበታል። አምስቱን ድምፆች አንድ በአንድ በክራር ብትደረድሯቸው ግን ደስታ ብቻ አይወጣችሁም። በፒያኖ የተገራ ጆሮ ያላቸው ሰዎች ሲሰሙት አንድ ያልተረጋጋ ነገር አለው፣ ሊያርፍ ሲል ይሸሻል ይሉታል። ለምን ለሠርግ ሆነ? የቅኝት ሊቃውንት የራሳቸው መልስ ይኖራቸው ይሆናል፤ የኔ ግምት ግን ሠርግን ያየ ሰው ግምት ነው። የሙሽራዪቱ እናት እልል እያለች ታለቅሳለች። እልልታውም እንባውም እውነተኛ ነው። ለዚያች ሴት የሚመጥን ቅኝት አንቺ ሆዬ ካልሆነ ሌላ የለንም።

አሁን ወደ ራሴ ሱቅ ልመለስ፤ በዚህ ጉዳይ ከማንም መጽሐፍ በላይ የማምነው እሱን ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት ዋናው ገቢዬ ዘፈን አልነበረም። ባዶ ካሴት ነበር። ሴት ልጆቻቸው ጂዳ፣ ሪያድ፣ ቤይሩት የሄዱባቸው እናቶች ከኩታበር፣ ከተሁለደሬ፣ ከቃሉ ወደ ገበያ ሲመጡ ሱቄ ይገቡና በድምፃቸው ደብዳቤ ይቀዱ ነበር። መጻፍ ለማይችል ሰው ከዚያ የተሻለ ፖስታ አልነበረም። ከኋላ አንዲት ዱካ አስቀምጣለሁ፣ መጋረጃ እጋርዳለሁ፣ ቀይዋን ቁልፍ ተጭኜ እወጣለሁ። አንዳንዷ ግን «አትውጣ፣ ብቻዬን ከዕቃ ጋር አላወራም» ስለምትለኝ እቀመጣለሁ።

ሁሉም «እኛ ደህና ነን» ብለው ይጀምራሉ። አንዷ አልሐምዱሊላህ፣ አንዷ እግዚአብሔር ይመስገን ትላለች። ቀጥሎ ላሟ ወልዳለች፣ እገሌ አግብቷል፣ ዝናቡ ዘግይቷል። ከዚያ ዝም ይባላል። ካሴቱ ይዞራል። አንድ ቀን አንዲት እናት ከዝምታው ስትመለስ «ልጄ፣ የላክሽው ደርሶናል፤ ከእንግዲህ አትላኪ፣ ለራስሽ ያዢ» አለች። ትንሽ ቆየችና «ቆይ… ላኪ፤ ቤቱ ክዳን ቀርቶታል» አለች። ወዲያው በሳቅ ፈነዳች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። ቴፑን አቆምኩና «እትዬ፣ ላጥፋው? የቱን ልተውልሽ፣ አትላኪውን ወይስ ላኪውን?» አልኳት። በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን እየጠረገች «ሁለቱንም ተወው» አለችኝ።

ጸሐፊው የልጆቹን ሁለተኛ ዘፈን «ምስጋናም ወቀሳም ያልሆነ፣ ራሱን ያላወቀ» ይሉታል። ዘፈኑ እህቱ ዐረብ አገር ሆና የምታስተምረው ወንድም ነው የሚያወራው፤ ስለሄደች ተቀይሟታል፣ በሄደችበት ገንዘብ ግን ደብተር ይገዛል። የዚህኛው ግጥም እንኳ ደካማ አይደለም፦

የላክሽው ደረሰ፣ ቤቱ ቆርቆሮ ለበሰ፤
አንቺ የሌለሽበት ጣራ፣ ዝናቡን ብቻ መለሰ።

ለዚያች እናት ቀይ ቁልፍ ተጭኜ የቀዳሁላት ነገር ነው ይህ። ሁለቱም ቀርተዋል። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከዚህ አካባቢ የሄዱ ብዙ ልጆች አብረው ተመልሰዋል። በየቤቱ «እንኳን በሰላም መጣሽ» እና «ለምን መጣሽ» በአንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው አይቻለሁ። ያንን ማዕድ የዘፈነልን ማን ነበር? ስለ መሄድ ተዘፍኗል። ስለ ናፍቆት ተዘፍኗል። የመጣችውን ልጅ በፍቅርና በቅሬታ ያየ ዐይን ግን ዘፋኝ አላገኘም፤ እነዚህ ልጆች እስኪመጡ።

ስለ እህትና ወንድም መጣመር የተባለው ብዙ አያቆየኝም። የላሊበላዎችን ነገር ጸሐፊው ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሌሊት ጎህ ሳይቀድ በር ላይ ቆመው ወንዱ ሲጀምር ሴቷ እየተቀበለች፣ የቤቱን ጌታ ስም እየጠሩ የሚያመሰግኑትን ማን ያልሰማ አለ? ካቆምን በሽታ ይይዘናል ብለው ስለሚያምኑ ከልጅ ልጅ ሲወራረስ የኖረ የቤተሰብ ዜማ ነው። ባልና ሚስት ናቸው እንጂ እህትና ወንድም አይደሉም ትሉኝ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ። ቢሆንም ሁለት የአንድ ቤት ሰዎች አንድ ዜማ መቀባበላቸው እዚህ አገር አዲስ አይደለም። የአዝማሪ ቤትንም ተመልከቱ፤ ማሲንቆው ከአባት ለልጅ፣ ግጥሙ ከወንድም ለእህት ሲያልፍ ነው የኖረው። «እህትና ወንድም የፍቅር ዘፈን አብረው መዝፈናቸው ነውር ነው» ለሚለውም፣ ከአራቱ የፍቅር የሆነው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ ወንድምየው ጊታር ይመታል እንጂ ትንፍሽ አይልም። ጸሐፊው እስከ መጨረሻው ያዳመጡት አይመስለኝም።

ከፈረንጅ የሚጠቅሷቸው ምሳሌዎችም ለእኔ ይመሰክራሉ። ብሩድስ የሚባሉት የኒውዚላንድ እህትና ወንድም፣ ጆርጂያና ኬሌብ ኖት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት አልበም የእህትየዋ ፍቺ ያስከተለውን ሐዘን የሚከተል ነው። የእህቱ ትዳር ሲፈርስ ወንድም አጠገቧ መቀመጡ ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር ነው እንዴ? እዚህ ሽማግሌ ይዞ ይሄዳል፣ እዚያ ሙዚቃውን ያቀነባብርላታል። አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ቢሊ አይሊሽና ወንድሟ ፊኒየስም «የገበያ ዘዴ» ተብለዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አልበማቸው ሎስ አንጀለስ ውስጥ በወላጆቻቸው ቤት፣ በወንድምየው መኝታ ክፍል ነው የተቀዳው። በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ የዓመቱ አልበም የሚባለውን የግራሚ ሽልማት ሲወስዱ ልጅቷ የ18 ዓመት ልጅ ነበረች። በኋላ ገበያ ሆኗል፣ አልክድም። ሲጀመር ግን አንድ ክፍልና ሁለት ልጆች ነበር፤ የእኛዎቹም ያላቸው ያው ነው።

መኝታ ክፍል ካልን ወደ ሦስተኛው ነጥብ ገብተናል። ማሲንቆ የለበትም፣ ዋሽንት የለበትም፣ ስለዚህ የወሎ አይደለም። በዚህ ሚዛን ከሄድን ጸሐፊው ራሳቸው በናፍቆት ከሚጠሩት የድሮ ዘፈን ስንቱ ይተርፋል? ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ይዘውት የመጡት ነፋስ መሣሪያ ነው እያደገ ሄዶ ዛሬ «የድሮ የኛ» የምንለውን ድምፅ የወለደው። ሳክስፎንን ማንም ከአምባሰል ገደል ላይ አልቆረጠውም። እኔ ሱቅ ስከፍት ደግሞ አብዛኛው አዲስ ካሴት በአንድ ኪቦርድ የተሠራ ነበር። ከበሮውም ባሱም ክራር መሰሉም ከዚያው ሳጥን ይወጣል። ያኔም «ይሄ ሙዚቃ አይደለም» የሚሉ ነበሩ፤ አንዱ እኔ ነበርኩ፤ እያልኩ እሸጥ ነበር። ዛሬ ያንኑ ካሴት ልጆቹን ለመውቀስ እንደ ምሳሌ ያነሱታል።

ሹክሹክታውስ? በዐቢይ ጾም በገና የሚደረድር ሰው ይጮኻል? አሥሩ አውታር እየነዘረ፣ ድምፁ ከደረት ሳይርቅ፣ ለራሱና ለፈጣሪው ነው የሚለው። እንጉርጉሮ የሚለው ቃላችን ራሱ መጮህን አያውቅም። የሁለቱን ድምፅ አነጋገር ከፈለጋችሁ ቅር ተሰኙበት፤ እኔም አንዳንድ ቦታ ቃሉ ስለማይሰማኝ ድምፁን እጨምራለሁ። ባዕድ ነው ማለት ግን ሌላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሙከራ አድርጌያለሁ። ሽማግሌው ክራር መቺ ዛሬ በሕይወት የለም፤ ክራሩ ግን እኔ ጋር አለ። አንድ ማታ ሱቁን ዘግቼ ሦስተኛውን ዘፈን እየደጋገምኩ አውታሩን ቃኘሁበት። አንቺ ሆዬ ነው። የጊታሩ ልምጥምጥ ይሸፍነዋል እንጂ የልጅቷ ዜማ ከአምስቱ ድምፅ አይወጣም። ዘፈኑ የሚያወራው እናታቸው ከሁለቱ አንዱን አብልጣ እንደምትወድ ስለሚያውቁ ልጆች ነው፤ ማንኛቸውን እንደሆነ አይናገሩም። የእህትና የወንድም ቅናት በአንቺ ሆዬ! አውቀውት ይሁን ሳያውቁት አልጠየቅኳቸውም። ሳያውቁት ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል።

ባነሳነው ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው። ሰውዬው ራሳቸው መሐመድ አሊ ተብለው ተወልደው ሚካኤል ተብለው የነገሡ ናቸው። እኛ ጎረቤቱ መንዙማ ሲያዜም ከበሮውን ሰምተን የምናውቅ፣ በአንድ ቤት ረመዳንም ፍልሰታም የሚጾምበት አገር ልጆች ነን። ንጹሕና ያልተቀላቀለ ነገር ፍለጋ ወደ ወሎ የሚመጣ ሰው አድራሻ ተሳስቷል።

አሁን የከበደው። ወሎ ረሃቡን እየዘፈነ አለፈው ይላሉ። በ77 የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ስለዚህ የማስታውሰውን ልናገር። ከእኛ ግቢ ቀጥሎ የነበሩ ሴትዮ ወንድማቸው ከሰሜን በኩል ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ በእግሩ መጣባቸው። በር ላይ ሲያዩት «እንኳን ዐይንህን አየሁት» ብለው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። አንገቱን እንዳቀፉ በግራ እጃቸው ጣት ይቆጥራሉ። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። እንጀራ ነበር የሚቆጥሩት። ወንድማቸውን ይወዱታል፣ በሕይወት በማየታቸው ተደስተዋል፣ ምነው ባልመጣ ብለዋልም። ይህን ሁሉ በአንድ እቅፍ። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ ሃያ ምናምን ዓመት ኖረዋል። ስለዚያ ቀን ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። አዎ፣ ሠርግ ላይ ይዘፍኑ ነበር፤ ድምፃቸውም ያምር ነበር። ጸሐፊው «እየዘፈነ አለፈ» የሚሉት ያንን የሠርግ ዘፈን ሰምተው ከሆነ፣ ያቺ የምትቆጥር እጅ አምልጣቸዋለች።

«ምን ጎድሎባቸው» ለሚለውም መልሱ መጀመሪያው ዘፈን ውስጥ አለ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከተማው ሲወጣ እነዚህ ልጆች ከነቤተሰባቸው ወጥተዋል። በኅዳር መጨረሻ ከተማዋ ከተያዘችበት ስትለቀቅ ሲመለሱ የጎረቤታቸው ቤት ተዘርፏል፣ የእነሱ በሩ እንኳ አልተነካም። ዘፈኑ የሚያወራው ይህንን ነው፤ ቤታችን በመትረፉ አፍረን ማመስገን አቃተን ይላል። ጎረቤት ሲመጣ ቴሌቪዥኑን በአንሶላ ሸፈንን ይላል። ይሄ ማላዘን ነው? እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ሐፍረት በልባቸው የያዙ ሰዎች ስንት እንደሆኑ አውቃለሁ፤ የእኔም ሱቅ ከተረፉት አንዱ ነበርና።

ወቀሳና ብሶት በዘፈን ማውጣት ለእኛ አዲስ አይደለም። እህል በእጅ ይፈጭ በነበረ ጊዜ ሴቶቻችን ወፍጮው ላይ ተንበርክከው፣ መጁን እየገፉ፣ ስለ ባልም ስለ አማትም ስለ ልጅነት ቤታቸውም ያንጎራጉሩ ነበር። ፊት ለፊት የማይባለው ሁሉ በመጅ ድምፅ ተሸፍኖ ይባል ነበር። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ ድካሙ ቀረላቸው፤ ያቺ ሽፋንም አብራ ቀረች። የዛሬ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ተጎንብሶ ቢያንጎራጉር በወፍጮው ፈንታ ነው ብዬ ባስብ ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ጸሐፊው ሐዘን መዝፈን ያሳምማል ለማለት አሜሪካዊቷን ካረን ካርፐንተርን ጠቅሰዋል፤ ከወንድሟ ከሪቻርድ ጋር ትዘፍን ነበር፣ በ32 ዓመቷ ሞተች። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 1983 ሞታለች። የገደላት ግን ዘፈን አልነበረም። ምግብ በሚያስከለክል ሕመም የተጎዳ ልቧ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ያንን ሕመም በስሙ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር። የዘመኑ ተቺዎች የሁለቱን ሙዚቃ የሚወቅሱት በጣም ጣፋጭና ለስላሳ ነው እያሉ ነበር እንጂ በሐዘን አልነበረም። ታዲያ ይቺ ምሳሌ ለማን ትመሰክራለች?

ስለ ማላዘኑ ግን አንድ ዘፈን አስረክባለሁ። አራተኛው፣ የፍቅር የተባለው፣ በእርግጥ ያላዝናል። ምን እንደደረሰባት ሳትነግረን አራት ደቂቃ ሙሉ ከፍቷታል። የደረሰ ነገር የሌለው ስሜት ጉም ነው፤ ይጨበጣል ብላችሁ እጃችሁን ብትዘረጉ ባዶ ነው። ጸሐፊው ይቺን አንዷን ብቻ ነቅፈው ቢሆን ኖሮ እኔም እዚህ ባልመጣሁ። ደግሞም የሚሉት አንድ ጥልቅ ነገር አለ፤ በመካከል በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሰው አለፉት እንጂ ዋና ነጥባቸው መሆን ነበረበት። የድሮው ዘፈን ስሜቱን በሰም ሸፍኖ ወርቁን ለሚፈልግ ይተወው ነበር፤ ልጆቹ ግን ወርቁን ሜዳ ላይ ያሰጡታል ብለዋል። በዚህ እስማማለሁ። የሸፈኑት ነገር ዕድሜው ይረዝማል። የጣራውን ስንኝ ከ«ሙዴ ጠፍቷል» ጋር ስታስተያዩት ልዩነቱ ራሱ ይናገራል፤ ሁለቱም የአንድ ልጅ ብዕር መሆናቸው ነው የሚያናድደኝ።

ጸሐፊው ወደ ደሴ ሲመጡ ሱቄ ፒያሳ ነው፣ ክራሩም አለ፣ ሦስተኛውን ዘፈን አብረን እንቃኘዋለን። እስከዚያው ባለፈው ማክሰኞ የሆነውን ልጨምር። አንዲት ሴት ቻርጀር ፈልጋ ገባች። ከጂዳ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ገና መመለሷ እንደሆነ የምትይዘው ስልክና የምትቀላቅለው ዐረብኛ ይናገራል። ሁለተኛው ዘፈን ከፍቼ ነበር። ጣራው ጋ ሲደርስ እጇ ቻርጀሩ ላይ እንዳለ ቀረች። «መልሰው» አለችኝ። መለስኩት። አሁንም «መልሰው» አለች። ሦስተኛውን ጊዜ ሰምታ ሲያልቅ «ለዚህ ልጅ ማን ነግሮት ነው?» አለች፤ ለእኔ አልነበረም የምትጠይቀው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተችና «ስንት ነው አልከኝ፣ ቻርጀሩ?»